መርፌ ያመጣውን መርፌ አላዳነውም

ቡሬ የፍሪዥያን ዲቃላ ናት። ቀበና፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ ካሉት ጠባብ ግቢዎች በአንዱ ትኖራለች። ግቢው ውስጥ ሦስት ላሞች፣ አንድ ጊደርና አንድ ጥጃ አሉ። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ እማማ ነው የምላቸው። ወተቱን ከአራት ኪሎ እስከ ቤሌር ላሉ ደንበኞቻቸው ልጃቸው በእግሩ ያደርሳል። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። መሀል ከተማ ላም አለ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። አለ። ሰፈር በፈረሰ ቁጥር በረትም አብሮ ይሄዳል እንጂ፣ እስካሁን አለ።

እማማ በስልክ የነገሩኝ ሁለት ችግር ነው። አንደኛው፣ ቡሬ ግራ ታፋዋ ላይ አብጣለች፤ ስትተኛም ስትነሳም ያማታል። ሁለተኛውን እንደ ቀልድ ነው የጨመሩት። «እርጎው ደግሞ አልረጋ ብሎኛል ልጄ። ወይራውን አብዝቼ አጥኜው ይሆናል።»

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። በጾም ወተት ገዢ ይቀንሳል። ጿሚው አይጠጣም፤ የሚገዙት ሕፃን ያላቸው ቤቶችና ሙስሊም ጎረቤቶች ናቸው። እማማ የተረፈውን ያረጋሉ፣ ይንጣሉ፣ ቅቤውን ለፋሲካ ያጠራቅማሉ። ስለዚህ የማይረጋ ወተት ለእሳቸው ትንሽ ነገር አይደለም። እኔን ግን ያሳሰበኝ በሌላ ምክንያት ነው። እርጎ የሚረጋው ወተቱ ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ሥራ ነው። ወተቱ ውስጥ አንቲባዮቲክ ካለ እነሱም መራባት ያቆማሉ። የወይራ ጭስም ትንሽ ሊያዘገይ ይችላል። እማማ ግን ዕድሜ ልካቸውን ቅል ሲያጥኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጭሱን ዛሬ አያበዙትም። እናም እብጠቱን ሳላይ በፊት ስለ መርፌ ጠየቅኩ።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

ተወግታለች። ከሳምንታት በፊት ቡሬ መኖ ቀንሳ ነበር። በሰፈሩ እየዞረ መርፌ የሚወጋ ሰው ተጠራ። 20 ፐርሰንት ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ሁሉም «ኦክሲ» የሚለውን አንቲባዮቲክ፣ ታፋዋ ላይ ሰጣት። በዚያው መርፌ ጎን ለጎን የታሰሩትን ሁለቱን ላሞችም «ለመከላከያ» ወጋቸው። ቡሬ በማግስቱ መብላት ጀመረች። ኦክሲው ይሁን፣ ፉርሽካው ተቀይሮ ይሁን፣ ማን ያውቃል።

ከዚያ የተወጋችበት ቦታ ማበጥ ጀመረ። ሰውየው ተመልሶ መጣ። እብጠቱን አየ፤ ሌላ ኦክሲ ሰጣት። አልጎደለም። አሁንም ደገመላት። በዚህ ሁሉ መሀል ወተቱ አንድም ቀን አልተደፋም።

እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ ያስፈልጋል። የ20 ፐርሰንት ኦክሲ መጠን በ10 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ነው። 400 ኪሎ የምትመዝን ላም 40 ሚሊ ሊትር ትፈልጋለች ማለት ነው። ግን ብዙዎቹ የጠርሙስ መለያዎች በአንድ ቦታ ከ10 ሚሊ ሊትር በላይ አትውጉ ይላሉ። መድኃኒቱ ራሱ ሥጋ ያቆስላል። ስለዚህ አራት ቦታ መከፋፈል ነበረበት። የእማማ ልጅ እንደነገረኝ ትልቁ ሲሪንጅ ሁለቴ ተሞልቶ በአንድ ቀዳዳ ገብቷል። ቆዳው አልተጠረገም። መርፌው ከሌላ ግቢ ነው የመጣው። በቆሰለ ሥጋ ላይ ቆሻሻ ሲጨመር ቀጥሎ የሚመጣው ይታወቃል።

እማማ ግን ይህን አልተቀበሉኝም። «በሩ ነው የገጫት» አሉ። እውነታቸውንም ሊሆን ይችል ነበር። የበረቱ በር ጠባብ ነው፤ ቡሬ ደግሞ ዳሌ አላት። ስትገባና ስትወጣ ብረቱን ታሻሸዋለች። የገጫት በሩ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ እብጠቱ ደም የቋጠረ ሊሆን ይችላል። ደም የቋጠረውን መግል ነው ብሎ የበጣ ሰው ላሟን በደም መፍሰስ ሊያጣት ይችላል። ስለዚህ የእሳቸውን ነገር ንቄ አላለፍኩትም።

መጀመሪያ ያየሁት

ሙቀቷ 38.7 ዲግሪ ነው። የጤነኛ ላም ሙቀት ከ38 እስከ 39.3 አካባቢ ስለሆነ ትኩሳት የላትም። ታመሰኳለች። ወተቷ ከ12 ሊትር ወደ 8 ወርዷል። ይህ ለእኔ የሕመም ምልክት ነው፤ በደንብ የማትተኛ ላም በደንብ አትታለብም። እብጠቱ ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ጠንካራ ነው፤ ይሞቃል። ስነካው ዳሌዋን ሸሸት አደረገች። የትኛውም ቦታ ላይ ለጣት አይለሰልስም።

ደም የቋጠረ እብጠት እንዲህ አይመጣም። እሱ ከተገጨች በሰዓታት ውስጥ ይነፋል፤ ከመጀመሪያውም ለስላሳ ነው፤ ብዙም አይሞቅም። የቡሬ ግን በቀናት ነው ያደገው፤ ጠንክሮና ሞቆ። መርፌውን የሚያስጠረጥረው ይሄ ነው። እርግጠኛ የሚያደርግ ግን አልነበረም።

ከትከሻዋ ፊትና ከጎኗ እጥፋት ሥር ያሉትን እጢዎችም ዳሰስኩ። ይህን ሁልጊዜ አደርጋለሁ፤ ሌላውም ሰው እንዲያደርገው እመክራለሁ። የአዲስ አበባ በረቶች ውስጥ የከብት ሳንባ ነቀርሳ አለ፤ የፈረንጅ ላሞችና ዲቃላዎቻቸው ደግሞ ከሀገሬው ይበልጥ ይጠቃሉ። ያበጠ እጢ መግል ይመስላል። እሱን ቀዶ በጠባብ ግቢ ውስጥ፣ ሕፃናት በሚሯሯጡበት፣ ማፍሰስ የሚፈለግ ነገር አይደለም። የቡሬ እጢዎች ደህና ነበሩ።

ውሳኔዬ አለመንካት ሆነ። ያልበሰለ እባጭ ሲበጣ የሚወጣው ደም ነው። መግሉ ገና አልተሰበሰበም፤ ዙሪያውን የሚከበው ግድግዳ ገና አልቆመም። በዚያ ጊዜ መቁረጥ ቆሻሻውን ወደ ጤነኛው ሥጋ መበተን ነው።

አንቲባዮቲክም አልሰጠሁም። ላሟ ትኩሳት የላትም፤ ትበላለች፤ እብጠቷ አንድ ቦታ ነው። መግሉ መሀል ደግሞ የደም ሥር የለም። መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው፤ ደም የማይገባበት ቦታ ብዙም አይደርስም። ሦስት ጊዜ የተሰጣት ኦክሲ እብጠቱን ያላጎደለው ደካማ መድኃኒት ስለሆነ አይደለም። አንዳንዴ እንዲያውም እንዲህ በትንሽ በትንሹ መውጋት እባጩን ሳያበስለውም ሳያጠፋውም ድንጋይ አድርጎ ያስቀረዋል።

«ታዲያ ምን ልታደርግልኝ መጣህ?» አሉ እማማ። ሳቅኩ፤ ጥያቄው ግን ተገቢ ነው። ልጃቸው ሂሳብ ሲጠይቀኝ ፊቱ ላይ ያየሁትን እዚህ አልጽፈውም።

የሰጠሁት ሥራ ይህ ነው። እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ፣ ንጹሕ ፎጣ፣ ጠዋትና ማታ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እብጠቱ ላይ መያዝ። መጭመቅ የለም። በጋለ ብረት መተኮስ የለም፤ አንድ ጎረቤት ብረቱን ለማጋል ተዘጋጅተው ነበር። ሌላ መርፌ የለም። መሀሉ ሲለሰልስና ፀጉሩ መርገፍ ሲጀምር ይደወልልኝ።

ወተቱን በተመለከተ ግን ትንሽ ተጨቃጨቅን። የኦክሲ መለያ ላይ ወተቱ ለሰው የማይሰጥበት ጊዜ ተጽፏል። ከምርት ምርት ይለያያል፤ አንዳንዱ ጭራሽ ለምትታለብ ላም አይሰጥም ይላል። ጠርሙሱን አስፈልጌ አነበብኩላቸው። ቀኑ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ ይቆጠራል። «እናፈላዋለን እኮ» አለ ልጃቸው። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ መድኃኒቱን ግን አያጠፋውም። «ለጥጃው እንስጠው?» እሱም አይሆንም፤ ጥጃው ሆድ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን መልመድ ይጀምራሉ። በመጨረሻ እማማ ራሳቸው ፈረዱ። «ጾም ነው፣ ይደፋ።» ሁዳዴ ባይሆን ኖሮ ይህን ቃል መስማቴን እጠራጠራለሁ።

የተበጣ ዕለት

ሲደወልልኝ እባጩ በስሏል። መሀሉ ላይ ቆዳው ሳስቷል፤ ፀጉሩ ረግፏል። በአንድ እጅ ጣት ሲጫኑት የሌላው እጅ ጣት ከወዲያ በኩል ብድግ ይላል። ውስጡ ፈሳሽ ነው ማለት ነው። ምን ፈሳሽ እንደሆነ የሚናገረው መርፌ ብቻ ነው። ቦታውን ላጭቼ፣ በአዮዲን አጥቤ፣ ባለ 14 ቁጥር መርፌ ከሲሪንጅ ጋር አስገባሁ። የመርፌ ቁጥር ሲያንስ ውፍረቱ እንደሚጨምር ልብ በሉ። ስስበው ምንም አልመጣም። ይህ ብዙ ሰው ያታልላል። የከብት መግል ወፍራም ነው፤ በመርፌ ላያልፍ ይችላል። መርፌውን አውጥቼ ጫፉን አየሁ። ቢጫ፣ ቅባት የመሰለ ነገር ይዟል። ይሸታል። የበሩ ክርክር እዚህ ላይ ተዘጋ።

ዝግጅቱ ከመቁረጡ በላይ ጊዜ ወሰደ። ቀበና ውሃ በፈረቃ ነው። ለዚህ ነው ከዋዜማው ብዙ ውሃ ተፍልቶ፣ በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው ገብቶበት፣ ተከድኖ እንዲቀዘቅዝ ያዘዝኩት። 9 ግራም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ከዚህ ሌላ ጓንት፣ ስለት፣ ረጅም ፋሻ፣ 10 ፐርሰንቱ ፖቪዶን አዮዲን፣ በላስቲክ የተሸፈነ ባልዲ፣ በረኪና። ጥጃው ወጣ። ልጆቹም ወጡ፤ ከበሩ ሥር ግን አልጠፉም።

ቡሬ ጭንቅላቷ አጥሮ ታሰረ። ልጃቸው ጭራዋን ከሥሩ ይዞ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ አነሳው። ይህ ሲሆን ላም ብዙም አትራገጥም። እኔ ከኋላዋ ሳይሆን ዳሌዋን ተጠግቼ ቆምኩ፤ ላም ወደ ጎንም ትመታለችና። ላሟን የሚያፈዝ መርፌ፣ ዛይላዚን የሚባለውን፣ አልተጠቀምኩም። ከብት ለእሱ በጣም ስሱ ነው፤ ትንሹ መጠን ይጥለዋል። በዚህ ጠባብ በረት የወደቀች ላም ማን ያነሳታል? በዚያ ላይ ርጉዝ ናት፤ ዛይላዚን ማኅፀን ያኮማትራል። በምቆርጠው መስመር ቆዳው ሥር፣ ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዝ 2 ፐርሰንት ሊዶካይን ሰጠሁና ጥቂት ጠበቅኩ።

መቁረጫው ቦታ ትልቁ ነገር ነው። እጅ የሚሄደው በጣም ወደሳሳው፣ ወደ መሀሉ ነው። መሀሉ ላይ የተበጣ እባጭ ግን ግማሹን ይዞ ይቀራል። መግል ቁልቁል ነው የሚፈሰው። ስለዚህ ከከረጢቱ የታችኛው ጫፍ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ቆረጥኩ፤ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ። ጠባብ ቀዳዳ በማግስቱ ይዘጋል፤ እባጩም እንደገና ይሞላል።

ከአንድ ሊትር በላይ ወጣ። ስለ ሽታው ብዙ አልልም። እማማ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ቆመው አዩ፤ ልጃቸው ጭራውን እንደያዘ ፊቱን አዞረ። የከብት መግል ውስጥ በብዛት የሚገኘው ትሩፔሬላ ፓዮጂንስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ጤነኛ ከብት ቆዳ ላይም ይኖራል፤ በር እስኪከፈትለት ይጠብቃል። ናሙና አልላክሁም። አንድ ላም፣ አንድ እባጭ፣ የሚታወቅ ምክንያት። ቢደጋገም ወይም አልድን ቢል ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይላክ ነበር።

ጓንት ባደረገ ጣቴ ውስጡን ዞርኩት። ሁለት ነገር ፈልጌ ነው። አንዱ ከረጢቱን የሚከፋፍሉ ስስ ግድግዳዎች ካሉ መክፈት ነው፤ ነበሩ፣ ከፈትኳቸው። ሌላው የተሰበረ መርፌ ነው። በቆመች ላም ላይ የሚወጋ ሰው መርፌ ይሰበርበታል፤ አይናገርም። እዚህ አልነበረም። ዋናውን የውጭ ግድግዳ ግን መፋቅ አያስፈልግም፤ መድማትን ከማምጣት በቀር ጥቅም የለውም።

ከዚያ እጥበት። በጨው ውሃ፣ ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ፣ በትልቅ ሲሪንጅ። ቀጥሎ ቀጭን ሻይ እስኪመስል የቀጠነ አዮዲን። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ የሚወዱ አሉ፤ ሲፈላ ደስ ይላል። ሰፊ አፍ ባለው ቁስል ላይ አንዴ ይቻላል። በየቀኑ ግን አዲሱን ሥጋ ይጎዳል፤ በጠባብ ቀዳዳ በግፊት ከገባ ደግሞ አረፋው ደም ሥር ሊገባ ይችላል። በመጨረሻ በአዮዲን የራሰ ረጅም ፋሻ አስገብቼ ጫፉን ወደ ውጭ ተውኩት። አንድ ረጅም ፋሻ ብቻ፤ ቁርጥራጭ ካስገባችሁ አንዱ ውስጥ ተረስቶ ይቀራል። በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ይወጣል።

ባልዲው ውስጥ ያለው መግል ላይ ብዙ በረኪና ተጨምሮ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ ሽንት ቤት ገባ። ልጃቸው ወደ ቦዩ ሊደፋው ነበር። ቦዩ ወደ ቀበና ወንዝ ነው የሚሄደው፤ ከታች ሰው ልብስ ያጥባል።

ከዚያ በኋላ

ቁስሉን ያዳነው የእማማ ልጅ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። በየቀኑ ያጥብ ነበር። የመጀመሪያው ትእዛዜ ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ ይታለባል፣ ቁስሉ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። የታፋ ቁስል ወደ ግት ይንጠባጠባል። ይህ መግል የጡት ጫፍ ውስጥ ከገባ የሚያመጣው የጡት በሽታ የገባበትን ጡት ሊያደርቀው ይችላል። ዝንብም ያመላልሰዋል። ስለዚህ ከቁስሉ ሥር ያለው ቆዳ ቫዝሊን ይቀባል፣ የሚወርደው መግል እንዳያቆስለው። የዝንብ መከላከያ ዙሪያውን እንጂ ቀዳዳው ውስጥ አይገባም። መኝታዋ ላይ ደረቅ ሰጋቱራ ይነሰነሳል፤ ከእንጨት ቤት በጆንያ ያመጣል።

በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ደስ ብሎት ደወለ። «ዶክተር፣ ዘጋ!» ደስ የሚል ዜና አልነበረም። ቆዳው ከውስጡ ቀድሞ ከተዘጋ እባጩ ይመለሳል። ጓንት አድርጎ፣ ጣቱን በአዮዲን አርሶ፣ እንዲከፍተው ነገርኩት። ትንሽ መግል ወጣ። እንደዚህ ያለ ቁስል ከሥር ወደ ላይ ነው መሙላት ያለበት። በሦስት ሳምንት ገደማ ጉድጓዱ ሞልቶ ጠባሳ ብቻ ቀረ። ወተቷ ወደ 12 ሊትር ለመመለስ ያን ያህል አልቆየም፤ መተኛት ስትችል ተመለሰ። እርጎውም ረጋ። እማማ ይህን ወተቱ ለመጽዳቱ ማረጋገጫ አድርገው ወሰዱት። አይደለም፤ ትንሽ መድኃኒት ያለበት ወተትም ሊረጋ ይችላል። ቀኑን መቁጠር ነው ያለው።

ይህን ያነበበ አርቢ ስለት እንዳያነሳ ግን እለምናለሁ። የቡሬ እባጭ ምቹ ቦታ ላይ ነበር። አንገት ላይ ትልቁ ደም ሥር አለ። ሆድ ሥር፣ እምብርት አካባቢ ያለ እብጠት አንጀት ሊሆን ይችላል። ከግት ፊት የሚሄደው የወተት ደም ሥር ከተቆረጠ ለማቆም ያስቸግራል። መንጋጋ ላይ ያለ የማይነቃነቅ ጠንካራ እብጠት የአጥንት በሽታ ሊሆን ይችላል፤ መብጣት አያድነውም። ፍርምባ ላይ ከሆነ የዋጠችው ሚስማር ሊኖርበት ይችላል። ትኩሳት ካለ፣ ወይም እብጠቱ ከአንድ በላይ ቦታ ከሆነ፣ ያኔ አንቲባዮቲክም ያስፈልግ ይሆናል። እነዚህን ሁሉ ሐኪም ያያቸው።

መርፌ የወጋውን ሰው አግኝቼ አነጋገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም። «ካልወጋሁ ማን ይከፍለኛል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ምክንያቱም እኔንም መጀመሪያ ቀን ሳልወጋ ስሄድ እንዴት እንዳዩኝ አውቃለሁ። አርቢው የሚከፍለው ለሚታየው ነገር ነው። «ቆይ፣ አትንካት» የሚል ምክር አይታይም። በአንድ ነገር ግን ተስማማን። ለአንድ ላም አንድ መርፌ። የአዲስ መርፌ ዋጋ ከአንድ ሊትር ወተት በጣም ያነሰ ነው። ደግሞም ታፋ ላይ ሳይሆን አንገት ላይ፣ ከትከሻ ፊት ያለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ። እዚያ ቢያብጥ እንኳ መግሉ በቀላሉ ይፈስሳል፤ እበት አይነካውም፤ የኋላ እግርን የሚያንቀሳቅሰው ትልቁ ነርቭም የለም።

እማማ ቤት አሁን ደብተር አለ። መድኃኒቱ፣ ቀኑ፣ ወተቱ የሚሸጥበት ቀን ይጻፍበታል። ያገለገሉ መርፌዎች ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ይጠራቀማሉ። በዚያው መርፌ ከተወጉት ሁለት ላሞች አንዷ ምንም አልሆነችም። ሌላዋ ታፋዋ ላይ ትንሽ ጠንካራ እብጠት አላት፤ አይሞቅም፣ አያማትም። አልበጣሁትም። ልጃቸው አልፎ አልፎ ለክቶ በቴሌግራም ይልክልኛል፤ እስካሁን አልጨመረም።